ከቡና ቅጠል እስከ ጄል፦ ዲኤንኤ ማውጣትና ፒሲአር ደረጃ በደረጃ

ፒሲአር (የተመረጠን የዲኤንኤ ቁራጭ በማሽን ማባዛት) እምቢ ያለው ተማሪ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ፕራይመሩን፣ ማለትም የሚባዛውን ቁራጭ ጫፍ የሚያመለክተውን አጭር ዲኤንኤ ነው። ቀጥሎ ኢንዛይሙን፣ ከዚያ ማሽኑን ይጠረጥራል። በዕፅዋት ሥራ ግን ጣጣው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። ቅጠሉ ቀስ ብሎ ሲደርቅ፣ ክሎሮፎርሙ በደንብ ሳይለይ ሲቀር፣ ኢታኖሉ ሳይተን ሲረሳ። ስለዚህ እዚህ ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ዲኤንኤ ለማውጣቱ ሥራ ነው። ንጹሕ ዲኤንኤ በእጁ ላለ ሰው ፒሲአሩ ቀላሉ ክፍል ነው።

ለምሳሌ የያዝኩት የቡናን ቅጠል ነው፤ ሆን ብዬ። የቡና ቅጠል በፖሊፌኖል (የተቆረጠ ቅጠል የሚያጠቁሩ ውህዶች) የተሞላ ነው፣ ፖሊሳካራይድም (ረጅም የስኳር ሰንሰለት) አያጣም። ሁለቱም ከዲኤንኤው ጋር ተያይዘው ወርደው ኢንዛይሙን ሥራ ያስፈቱታል። በቡና እጁን ያፍታታ ሰው ጤፍ አያስቸግረውም።

የምናባዛው አርቢሲኤል የሚባለውን ጂን ነው፤ ከእሱም 600 ፊደል (የዲኤንኤ ቤዝ) ገደማ የሚሆነውን ቁራጭ። ይህ ጂን የሚገኘው ክሎሮፕላስት ውስጥ ነው። ሩቢስኮ የተባለውን፣ ተክል ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር የሚይዝበትን ኢንዛይም ትልቁን ክፍል ይሠራል። አንድ የቅጠል ሴል ውስጥ ክሎሮፕላስቱ ብዙ ስለሆነ የጂኑም ቅጂ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ማትኬ ከተባለው ጂን ጋር የዕፅዋት መለያ ባርኮድ ሆኖ ተመርጧል። ስለዚህ በብዙ ተክል ላይ የተፈተኑ ፕራይመሮች አሉት። ለጀማሪ ጥቅሙ ይህ ነው፦ አርቢሲኤል እንኳ አልወጣም ካለ፣ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ዲኤንኤው ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል፦ ናሙናው

ለጋ ቅጠል ቁረጡ። ገና እየተዘረጋ ያለ፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ የሆነ። ያረጀው ቅጠል ፖሊፌኖሉም ቃጫውም በዝቶበታል፤ ከእሱ የምታገኙት ዲኤንኤ ግን አነስተኛ ነው። ዝገት በሽታ ወይም ሻጋታ ያለበትን ተዉት፤ የፈንገሱም ዲኤንኤ አብሮ ይመጣል።

ላብራቶሪው ሩቅ ከሆነ እርጥበት የሚመጥጥ ሲሊካ ጄል ያዙ። ቅጠሉን ቆራርጣችሁ የወረቀት ከረጢት ውስጥ አድርጉት፣ ከዚያ ከቅጠሉ ክብደት ቢያንስ 10 እጥፍ ሲሊካ ባለበት በሚዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ አስገቡት። በ24 ሰዓት ውስጥ በጣት ሲሰበር ኮሽ ማለት አለበት። ከዚያ በላይ ከዘገየ ይጠቁራል። የጠቆረ ቅጠል ማለት ፖሊፌኖሉ ኦክሲጅን አግኝቶ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው። ሲሊካው ቀለም የሚቀይር ዓይነት ከሆነ ውሃ መጥገቡን በዓይን ታያላችሁ፤ ሲቀየር በአዲስ ተኩት። የጠገበውን ኦቨን ውስጥ አድርቃችሁ መልሳችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

ከረጢቱ ላይ በእርሳስ ጻፉ። ማርከር ኢታኖል ሲነካው ይጠፋል።

ቡፈሩ

የቅጠሉን ሴል የምንፈታበትን ፈሳሽ፣ ሲታብ ቡፈርን፣ ገዝቶ ማምጣት አያስፈልግም። ለ100 ሚሊ ሊትር የሚያስፈልገው፦

ሲታብ 2 ግራም
ሶዲየም ክሎራይድ 8.2 ግራም (1.4 ሞላር)
1 ሞላር ትሪስ፣ ፒኤች 8፣ 10 ሚሊ ሊትር
0.5 ሞላር ኢዲቲኤ፣ ፒኤች 8፣ 4 ሚሊ ሊትር
ፒቪፒ 2 ግራም
ቀሪው ንጹሕ ውሃ፣ እስከ 100 ሚሊ ሊትር

እያንዳንዱ ሥራ አለው። ሲታብ እንደ ሳሙና ያለ ነው፤ የሴሉን ሽፋን ይበትናል። ጨው የበዛው ፖሊሳካራይዱ በኋላ ከዲኤንኤው ጋር አብሮ እንዳይወርድ ነው። ኢዲቲኤ ማግኒዚየምን ይይዛል፤ ዲኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይሞች ያለ ማግኒዚየም አይሠሩም። ፒቪፒ ደግሞ ፖሊፌኖሉን ይይዛል። ለቡና ስትሠሩ እሱን "ለዛሬ ይቅር" ብላችሁ አትዝለሉት።

ሲታብ ሲመዘን በአየር ላይ ይበናል፣ አፍንጫ ይቆጠቁጣል። ማስክ አድርጉ። ሲያማስሉት አረፋ እንዳይሞላ ውሃውን ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፣ ማሟሟቱንም በሙቀት እርዱት። ሌላ ነገር ደግሞ፦ ሲታብ ብርድ አይወድም። አዲስ አበባ ውስጥ በክረምት ጠዋት ጠርሙሱ ነጭ ክሪስታል ይዞ ብታገኙት ተበላሽቶ አይደለም። 65 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ይሟሟል። ክሪስታሉ ከታች እያለ ከላይ ያለውን ቀድቶ መሥራት ግን አይሆንም፤ ሲታብ የሌለው ጨዋማ ውሃ ነው የምትቀዱት።

በሥራው ቀን፣ የምትጠቀሙበትን ያህል ብቻ ለይታችሁ፣ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 2 ማይክሮ ሊትር ቤታ መርካፕቶኢታኖል ጨምሩ። ለቡና እስከ 10 ብታደርሱት ችግር የለውም። ሽታው የሚረሳ አይደለም፣ መርዛማም ነው። ከጭስ መሳቢያው ሁድ ውጭ አትክፈቱት።

ማውጣቱ

ውሃ ማሞቂያውን 65 ዲግሪ ላይ አብሩ፣ ቡፈሩንም እዚያው አስቀምጡ።

100 ሚሊ ግራም እርጥብ ቅጠል ወይም 20 ሚሊ ግራም ደረቅ ቅጠል መዝኑ። ብዙ ቅጠል ብዙ ዲኤንኤ ይሰጣል ብሎ መጨመር የተለመደ ነው፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒው ነው። ቡፈሩ ይደክማል፣ ቆሻሻው ይበዛል።

እርጥብ ቅጠል በፈሳሽ ናይትሮጅን ይፈጫል። ናይትሮጅኑ 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው፤ መነጽርና ወፍራም ጓንት ይፈልጋል፣ ክዳኑ በጥብቅ በተዘጋ ዕቃም አይያዝም። ከሌለ አትጨነቁ። በሲሊካ በደንብ የደረቀ ቅጠል በሙቀጫ ወይም በቱቦ ውስጥ በብረት ኳስ ጥሩ ይፈጫል። እኔ ብጠየቅ ለቡና ደረቁን እመርጣለሁ። ዱቄቱ መላም አለበት። በጣት መሐል የሚሻክር ከሆነ ገና ነው።

ዱቄቱ ላይ 700 ማይክሮ ሊትር የሞቀ ቡፈር ጨምሩ። አንድ ባዶ ቱቦም አዘጋጁ፤ ቅጠል የለበትም፣ ቡፈር ብቻ። ይህን ቱቦ እስከ መጨረሻው እንደ ናሙና ያዙት። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ፣ ዲኤንኤን በኤሌክትሪክ በርዝመቱ በምንለይበት ጄል ላይ ታያላችሁ።

65 ዲግሪ ላይ ለ45 ደቂቃ አቆዩት፣ በየ10 ደቂቃው ቱቦውን ገልበጥ ገልበጥ እያደረጋችሁ። ከዚህ ጀምሮ ቮርቴክስ (ቱቦ መናጫ ማሽን) የለም። ዲኤንኤው ከሴል ወጥቷል፣ በኃይል ከነቀነቃችሁት ይቆራረጣል።

ቱቦው ወደ ክፍል ሙቀት ሲመለስ 700 ማይክሮ ሊትር ክሎሮፎርምና አይሶአሚል አልኮል ጨምሩ፤ ድብልቁ 24 ለ1 ነው። ትኩስ ቱቦ ላይ ከጨመራችሁ ክሎሮፎርሙ ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል። ቱቦው ፖሊፕሮፒሊን መሆኑን አረጋግጡ፤ ፖሊስታይሪንን ክሎሮፎርም ያሟሟዋል። ናይትራይል ጓንትም ብዙ አይመክተውም፤ ከፈሰሰባችሁ ወዲያው ቀይሩ። ለ10 ደቂቃ በቀስታ ገልብጡት። ወተት መስሎ መደፍረስ አለበት።

12,000 ጂ ላይ ለ10 ደቂቃ በሴንትሪፊዩጅ አሽከርክሩ። ጂ ስል የመሬት ስበት እጥፍ ነው፤ የዙር ብዛት አይደለም። 8.4 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ባለው ሮተር 12,000 ጂ ማለት በደቂቃ 11,300 ዙር ገደማ ነው። የእናንተ ሮተር ሌላ ከሆነ ቁጥሩም ሌላ ነው።

አሁን ቱቦውን ወደ ብርሃን አንሡና እዩት። ከታች ጥቁር አረንጓዴ ክሎሮፎርም አለ። መሐል ላይ ነጣ ያለ ወይም ቡኒ ቀጭን ንጣፍ አለ፤ ፕሮቲንና የቅጠል ፍርስራሽ ነው። ከላይ ጥርት ያለ ወይም ፈዛዛ ቢጫ ውሃ አለ። የምትፈልጉት ዲኤንኤ እዚህ የላይኛው ውስጥ ነው። የፒፔቱን ቲፕ ጫፍ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል በመቀስ ቆርጣችሁ አስፉት፣ ከግድግዳው ጠጋ ብላችሁ ቀስ እያላችሁ ሳቡ። 500 ማይክሮ ሊትር ይበቃል። ስስት ይቅር። የመጨረሻዋን ጠብታ ለማግኘት ሲባል መሐለኛውን ንጣፍ የነካ ቲፕ የሠራችሁትን ሁሉ ያበላሸዋል። ከነካ ሁሉንም መልሳችሁ እንደገና አሽከርክሩት፤ አሥር ደቂቃ ነው የምታጡት።

ለቡና ክሎሮፎርሙን ድገሙት። በሁለተኛው ዙር መሐለኛው ንጣፍ ሳስቶ ወይም ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። አሁንም ወፍራም ከሆነ ሦስተኛ ጊዜ። የክሎሮፎርም ትርፍ ሲንክ ውስጥ አይደፋም፤ በረኪና ካለበት ቆሻሻም ጋር አይቀላቀልም። ለብቻው ጠርሙስ ይኑረው።

ከዚህ በኋላ አርኤንኤን የሚቆራርጠውን ኢንዛይም፣ አርኤንኤዝ፣ ጨምሩ፤ 10 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ከሆነው 2 ማይክሮ ሊትር፣ 37 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ። አርኤንኤው ካልተወገደ በኋላ ልኬታችሁን ያጋንነዋል።

ቀዝቃዛ አይሶፕሮፓኖል ጨምሩ፤ ከያዛችሁት መጠን 0.7 እጥፍ፣ ማለትም ለ500 ማይክሮ ሊትር 350። ቀስ ብላችሁ ገልብጡት። እድለኛ ከሆናችሁ ነጫጭ ክሮች ሲሰበሰቡ ታያላችሁ። ካልታየም ተስፋ አትቁረጡ፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር ለ30 ደቂቃ አስቀምጡት። "ሌሊቱን ይደርና ነገ እንይዘዋለን" የሚለው ልማድ ለቡና አይመከርም። ረጅም ብርድ ጨውንና ፖሊሳካራይዱንም ያወርዳል።

ለ10 ደቂቃ አሽከርክሩና ፈሳሹን ድፉ። ታች የቀረውን ተመልከቱት። ነጭና ትንሽ ከሆነ መልካም ነው። አጥሚት የመሰለ የሚያዳልጥ ነገር ከሆነ ፖሊሳካራይድ ነው፤ ቡናማ ከሆነ ፖሊፌኖል። በ500 ማይክሮ ሊትር 70 በመቶ ኢታኖል ሁለት ጊዜ እጠቡት። ከሁለተኛው እጥበት በኋላ ለአጭር ጊዜ አሽከርክራችሁ የቀረችውን ጠብታ በትንሽ ቲፕ ምጠጡ፣ ከዚያ ክዳኑን ከፍታችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አድርቁ። ኢታኖሉ ካልተነነ ናሙናው ጄል ጉድጓድ ውስጥ አልቀመጥ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ፒሲአሩንም ያግዳል። በጣም ከደረቀ ደግሞ አልሟሟም ይላል።

በ50 ማይክሮ ሊትር አሟሙት፦ 10 ሚሊ ሞላር ትሪስና 0.1 ሚሊ ሞላር ኢዲቲኤ። ኢዲቲኤው ያነሰው በምክንያት ነው። ፒሲአሩን የሚሠራው ታክ ኢንዛይም ማግኒዚየም ይፈልጋል፣ ኢዲቲኤ ደግሞ ይሻማዋል።

መለካት፣ ግን አለመታለል

ናኖድሮፕ (ዲኤንኤን በብርሃን የሚለካው ማሽን) ላይ ሁለት ንጽጽሮችን እዩ፤ ቁጥሮቹ የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት በናኖ ሜትር ናቸው። 260/280 ወደ 1.8 ከሆነ ፕሮቲኑ ወጥቷል። 260/230 ከ2.0 እስከ 2.2 ቢሆን ደስ ይላል። ለቡና ዋናው ሁለተኛው ነው፤ 1 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ፖሊሳካራይድ ወይም ፖሊፌኖል አብሮ አለ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ "ጥሩ ነው" ይላል።

የዲኤንኤው መጠን ተብሎ የሚመጣው ቁጥርም በጭፍን አይታመንም። ማሽኑ የሚለካው 260 ናኖ ሜትር ላይ የሚመጠጠውን ብርሃን ነው፤ አርኤንኤም ፖሊፌኖልም እዚያው አካባቢ ብርሃን ይመጥጣሉ። 3 ማይክሮ ሊትሩን 0.8 በመቶ ጄል ላይ አሂዱት (አሠራሩ ከታች አለ)። ከላይ አንድ ወፍራም መስመር ካያችሁ ዲኤንኤው ሙሉ ነው። ከላይ እስከ ታች የተጎተተ ጭጋግ ካያችሁ ተቆራርጧል። ለ600 ፊደል ቁራጭ የተቆራረጠውም ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ለረጅም ሥራ ግን አይሆንም።

ፒሲአሩ

ኬሪ ሙሊስ ይህን ዘዴ ያሰበው እ.ኤ.አ. በ1983 ነበር፣ በ1993 ኖቤል አገኘበት። ሥራውን ቀላል ያደረገው ታክ ኢንዛይም የመጣው አሜሪካ ውስጥ በሚገኘው የሎውስቶን ፓርክ ፍል ውሃ ውስጥ ከተገኘ ባክቴሪያ ነው፤ 95 ዲግሪን የሚችለውም ለዚህ ነው።

ፕራይመሩ ደርቆ ነው የሚመጣው። ከመክፈታችሁ በፊት አሽከርክሩት፤ ዱቄቱ ክዳኑ ላይ ተጣብቆ ይሆናል፣ ሲከፈት በኖ ይጠፋል። ወረቀቱ ላይ ያለውን የናኖ ሞል ቁጥር በ10 አባዙና ያን ያህል ማይክሮ ሊትር ጨምሩ። 24.6 ከሆነ 246። ይህ 100 ማይክሮ ሞላር ይሆናል። ለሥራ ከእሱ ላይ ወደ 10 ማይክሮ ሞላር አቅጥኑ።

የ25 ማይክሮ ሊትር ሪአክሽን፦ ባለ 2 እጥፍ ማስተር ሚክስ (ኢንዛይሙ፣ ፊደላቱና ማግኒዚየሙ አስቀድሞ የተቀላቀለበት) 12.5፣ ሁለቱ ፕራይመሮች 1 እና 1፣ ውሃ 9.5፣ ዲኤንኤ 1። ለእያንዳንዱ ቱቦ ለየብቻ አትቀላቅሉ። ስምንት ቱቦ ካላችሁ ለዘጠኝ አዘጋጁ፦ 112.5 ማስተር ሚክስ፣ 9 እና 9 ፕራይመር፣ 85.5 ውሃ። ከዚያ በየቱቦው 24 አከፋፍሉ።

አሁን የመመሪያው ልብ ይኸውላችሁ። የአንዱን ናሙና ዲኤንኤ በሦስት መጠን አስገቡ፦ እንዳለ፣ 10 ጊዜ የተቀጠነ፣ 50 ጊዜ የተቀጠነ። እንዳለ የገባው ምንም ሳይሰጥ 10 ጊዜ የተቀጠነው ደማቅ መስመር ከሰጠ ምስጢሩ ተገለጠ፦ ዲኤንኤ አላችሁ፣ ቆሻሻው ነው ያገደው። ሲቀጠን ቆሻሻው ከሚያግድበት መጠን በታች ይወርዳል፣ ዲኤንኤው ግን ለፒሲአር አሁንም ይበቃል። "ባንድ (መስመሩ) ጠፋ" ሲባል ዲኤንኤ የሚጨምር ሰው ችግሩን እያባሰው ሊሆን ይችላል። መቅጠኑ ብቻ ካልበቃ ቢኤስኤ ፕሮቲን ሞክሩ፣ በመጨረሻው ሪአክሽን ውስጥ በማይክሮ ሊትር 0.2 ማይክሮ ግራም ያህል እንዲሆን። ፖሊፌኖሉ ከኢንዛይሙ ይልቅ እሱን ይይዛል።

የቀሩት ቱቦዎች፦ ሁለት ሌሎች ናሙናዎች፣ ቀደም ብሎ የሠራ የታወቀ ዲኤንኤ፣ ያ ቅጠል የሌለበት ባዶ ቱቦ፣ በመጨረሻም ውሃ። ውሃው መጨረሻ ይሞላ፤ ስትሠሩ የገባ ብክለት ካለ እሱ ላይ ይታያል።

ፕሮግራሙ፦ 95 ዲግሪ ለ3 ደቂቃ። ከዚያ 35 ዙር፤ 95 ለ30 ሰከንድ፣ 55 ለ30 ሰከንድ፣ 72 ለ45 ሰከንድ። መጨረሻ ላይ 72 ለ5 ደቂቃ። ታክ በደቂቃ 1,000 ፊደል ያህል ስለሚጽፍ ለ600 ፊደል 45 ሰከንድ ይበቃል።

መብራት ቢሄድስ? አንዳንድ ማሽን ካቆመበት ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ሁሉን ረስቶ ይነሳል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ። ዩፒኤስ ካለ ቅድሚያ የሚገባው ለፒሲአሩ ነው። ጄል መሐል ላይ መብራት ቢቋረጥ ሲመለስ ትቀጥላላችሁ፤ መስመሩ ትንሽ ይሰፋል እንጂ አይጠፋም።

ጄሉ

1.5 ግራም አጋሮዝ (የሚረጋው ዱቄት) በ100 ሚሊ ሊትር ባለ 1 እጥፍ ቲኤኢ (ኤሌክትሪክ የሚያስኬድ ቡፈር)። በውሃ አይደለም፤ ውሃ ኤሌክትሪክ አያስኬድም። ማይክሮዌቭ ውስጥ አፍሉት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ፈላ ማለት ሟሟ ማለት አይደለም። ፍላስኩን አዙራችሁ ብርሃን ላይ እዩ፤ ብልጭ የሚሉ ቅንጣቶች ካሉ ድገሙ። ፍላስኩን ስትነኩት ድንገት ሊገነፍል ስለሚችል የሙቀት ጓንት አድርጉ።

ወደ 60 ዲግሪ ሲወርድ ማቅለሚያውን ጨምሩና አፍስሱ። ኢቲዲየም ብሮማይድ ከሆነ ጓንት ግዴታ ነው፤ ዘረመልን የሚቀይር ኬሚካል ነው። ሲረጋ ጉድጓዶቹን የሚሠራውን ማበጠሪያ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ፣ ቲኤኢ ሸፍኑት፣ 5 ማይክሮ ሊትር ናሙና ከሎዲንግ ዳይ (ናሙናውን ወደ ጉድጓዱ የሚያሰምጥ ቀለም) ጋር ጫኑ፣ በአንዱ ጉድጓድ የ100 ፊደል ላደር (ርዝመቱ የታወቀ መለኪያ ዲኤንኤ)። ዲኤንኤ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ወደ ቀዩ ኤሌክትሮድ ይሄዳል። ኤሌክትሮዶቹ 20 ሴንቲ ሜትር ከተራራቁ 100 ቮልት፣ ለ45 ደቂቃ። ሽቦው ላይ አረፋ ካልታየ ኤሌክትሪክ አልገባም።

ማንበብ

ላደሩ ካልታየ ስለ ፒሲአሩ ምንም አትበሉ፤ ጄሉ ወይም ማቅለሚያው ነው። ላደሩ ታይቶ የታወቀው ዲኤንኤ ካልወጣ የፒሲአሩ ድብልቅ ነው። የታወቀው ወጥቶ የእናንተ ካልወጣ ዲኤንኤው ነው፤ ወደ ክሎሮፎርሙ ተመለሱ። ከ100 በታች ያለች ደብዛዛ መስመር ፕራይመሮቹ እርስ በርስ ተያይዘው ነው፣ አታስቡባት።

ውሃው ላይ 600 ገደማ መስመር ከወጣ ያን ቀን ያገኛችሁት ሁሉ ዋጋ የለውም፣ የቱንም ያህል ቢያምር። ውሃው ንጹሕ ሆኖ ባዶው ቱቦ መስመር ካሳየ ብክለቱ የገባው ስታወጡ ነው፤ ቡፈሩን ጣሉት። ለአርቢሲኤል ይህ የተለመደ ፈተና ነው፤ ከማንኛውም ተክል ስለሚባዛ የቅጠል ብናኝ ይበቃዋል። ሪአክሽን የሚቀላቀልበት ጠረጴዛና የተባዛ ቱቦ የሚከፈትበት ጠረጴዛ አይገናኙ። ፒፔቱም ለየብቻ።

ከዚያስ

ጥርት ያለ አንድ መስመር ካገኛችሁ ቀሪውን አጽድታችሁ ፊደላቱን ለሚያነበው ለሳንገር ሲኩዌንሲንግ ትልካላችሁ፣ ከሁለቱም ጫፍ እንዲነበብ። የመጀመሪያዎቹ 30 ያህል ፊደላት ስለማይታመኑ ቁረጧቸው። የቀረውን ኤንሲቢአይ በሚባለው የአሜሪካ የዘረመል መረጃ ድረ ገጽ ላይ፣ ብላስት በሚባለው ፕሮግራም በነጻ ታወዳድራላችሁ።

ብዙ ግን አትጠብቁ። አርቢሲኤል ቡና መሆኑን ይነግራችኋል እንጂ የጅማ ይሁን የሐረር አይለይም። ደግሞ አረቢካ የሁለት ዝርያ ዲቃላ ነው፤ 22 ክሮሞሶም ያላቸው ካኔፎራና ዩጂኒዮይደስ ተገናኝተው 44 ያለው አረቢካ ተገኘ። ክሎሮፕላስቱ የመጣው በእናት በኩል፣ ከዩጂኒዮይደስ ነው። ስለዚህ ይህ ጂን የአባቱን ወገን ጨርሶ አያውቀውም። የጅማን ከሐረር መለየት የሚፈልግ ሰው ወደ ኒውክሊየሱ ዲኤንኤ፣ ማይክሮሳተላይት ወደሚባሉት ምልክቶች መሄድ አለበት። እዚያ ያለው ቅጂ ጥቂት ስለሆነ ለቆሻሻ ትዕግሥት የለውም።

ናሙናውን ከኢትዮጵያ ውጭ የምትልኩ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የዘረመል ሀብት ያለ ፈቃድ አይወጣም። የሚጠየቀው የኢትዮጵያ ብዝሐ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ማመልከቻውን ቅጠሉን ከመቁረጣችሁ በፊት አስገቡ።